የባለሥልጣን ክስ ሲዘገብ፦ ከጊዜ ቀጠሮ እስከ ፍርድ

ማክሰኞ «ክቡር ዋና ዳይሬክተሩ አስታወቁ» ብሎ ያነበበ ጣቢያ፣ ሐሙስ «ግለሰቡ በቁጥጥር ሥር ዋለ» ይላል። በሁለት ቀን ውስጥ ሰውዬው ማዕረጉን፣ አንቱታውን፣ አንዳንዴም ስሙን ያጣል። ፍርድ ቤት መዝገቡን ገና አላየም፤ ሰዋስው ግን ፈርዶ ጨርሷል። በአማርኛ የባለሥልጣን ክስ ሲዘገብ ስህተቱ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከዚህች ከአንቱታ መውደቅ ነው። የቁጥርና የአንቀጽ ስህተት ቀጥሎ የሚመጣ ነው።

ስለዚህ ገና ከመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ወስኑ። ሰውዬውን ከመያዙ በፊት «አቶ እገሌ… ናቸው» ትሉት ከነበረ፣ ሲያዝም፣ ሲከሰስም፣ ሲፈረድበትም «ናቸው» ይሁን። «እሱ» የምትሉ ከሆነም ለሁሉም እኩል በሉት፤ ለከሳሹ ሚኒስትር «እርሳቸው»፣ ለተከሳሹ «እሱ» ማለት ግን ወገን መያዝ ነው። የሥራ ኃላፊነቱንም «የቀድሞው» የምትሉት ከኃላፊነት መነሳቱን የሚያሳይ ደብዳቤ ወይም መግለጫ ሲኖር ብቻ ነው። መታሰር ከሹመት መነሳት አይደለም።

ሰውዬው ዛሬ ምን ይባላል?

የኢትዮጵያ የወንጀል ሂደት ለእያንዳንዱ ደረጃ የራሱ ስም አለው። ስሙን ያቀላቀለ ዘገባ፣ ቀሪው ሁሉ ትክክል ቢሆን እንኳ፣ ውሸት ይሆናል። ከተያዘበት ሰዓት ክስ እስኪመሠረት «ተጠርጣሪ» ነው። ዐቃቤ ሕግ ክሱን ለፍርድ ቤት ካቀረበ በኋላ «ተከሳሽ» ይባላል። «ጥፋተኛ» ወይም «ፍርደኛ» የሚባለው ችሎቱ የጥፋተኝነት ፍርድ ከሰጠ ብቻ ነው። ይግባኝ ላይ ደግሞ ስሙ እንደገና ይቀየራል፤ ይግባኝ ያለው ወገን «ይግባኝ ባይ»፣ ሌላው «መልስ ሰጪ» ነው። ዐቃቤ ሕግም ይግባኝ ባይ ሊሆን ይችላል። «ይግባኝ ባዩ» ሲባል ሁልጊዜ የተፈረደበት ሰው እየመሰላቸው የሚያዛቡ ብዙ ናቸው።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 20 ንዑስ አንቀጽ 3 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ ሳለ እንደ ጥፋተኛ ያለመቆጠር መብት ይሰጠዋል። ይህን አንቀጽ በዜናው መጨረሻ ላይ እንደ ማስጠንቀቂያ ለጥፎ፣ ከላይ «ሌባው ባለሥልጣን» ብሎ መጀመር የትም አያደርስም። አንቀጹ መታየት ያለበት በርዕሱ ውስጥ ነው።

ጊዜ ቀጠሮው ላይ

አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቹ ትልልቅ መዝገቦች መጀመሪያ የሚታዩት በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት አራዳ ምድብ ችሎት፣ በጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ፖሊስ ለምርመራ ተጨማሪ ቀን በሚጠይቅበት ችሎት ነው። ከባዱ የሙስና ክስ ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ ወደ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ልደታ ምድብ ይሄዳል። ችሎቱ የሚጀምረው ጠዋት 3 ሰዓት ነው ቢባልም መዝገቡ መቼ እንደሚጠራ ስለማይታወቅ በጊዜ ገብታችሁ ከፊት ወንበር ያዙ። ክፍሉ ጠባብ ነው፣ ዳኛ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይናገራል፣ ቤተሰብ ያለቅሳል። በድምፅ ለመቅዳትም ሆነ ፎቶ ለማንሳት የዳኛ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስልካችሁን አጥፉና በእጅ ጻፉ።

ሕጉ አጭር ነው። የተያዘ ሰው ወደ ፍርድ ቤት የሚያመጣው የጉዞ ጊዜ ሳይቆጠር በ48 ሰዓት ውስጥ መቅረብ አለበት። በ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 59 መሠረት ለምርመራ የሚሰጠው ጊዜ በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን አይበልጥም። ስንት ጊዜ ሊሰጥ እንደሚችል ግን አንቀጹ ቁጥር አላስቀመጠም። ስለዚህ «ለአምስተኛ ጊዜ 14 ቀን ተጠየቀ» የሚለው ዜና ሕጉ ተጣሰ ማለት ሳይሆን ሕጉ ይህን ያህል ልቅ ነው ማለት ነው። ሁለቱን ለዩ።

ችሎቱ ውስጥ የሚሆነው እንዲህ ነው። መርማሪ ፖሊስ ይቆምና እስካሁን የሠራውን ይዘረዝራል፤ የተጠርጣሪ ቃል ተቀብያለሁ፣ ይህን ያህል ምስክር ሰምቻለሁ ይላል። ከዚያ የቀረውን ይናገራል፤ ኦዲት ማስመርመር፣ የባንክ ማስረጃ ማምጣት፣ ያልተያዘ ግብረ አበር መፈለግ። ጠበቃው ይነሳል፦ «ምርመራው የሰነድ ነው፣ ሰነዱም በመንግሥት እጅ ነው፣ ደንበኛዬ ሊያጠፋው የሚችለው ነገር የለም፣ ዋስትና ይከበርልኝ።» መርማሪው «ቢወጣ ምስክር ያባብላል» ይላል። ዳኛው ይወስናል።

በደብተራችሁ ላይ አምስት ነገር መስፈር አለበት፦ የመዝገብ ቁጥር፣ የተጠየቀው ቀን፣ የተፈቀደው ቀን፣ ለምን ሥራ እንደተፈቀደ፣ ቀጣዩ ቀጠሮ። የተጠየቀውና የተፈቀደው ብዙ ጊዜ አይገጥሙም። ፖሊስ 14 ጠይቆ ዳኛው 8 ከሰጠ ዜናው ያለው በስድስቱ ቀን ልዩነት ውስጥ ነው፤ ዳኛው ምርመራው ዘግይቷል ማለቱ ሊሆን ይችላል። በቀጣዩ ቀጠሮ ደግሞ ያለፈውን ማስታወሻ ይዛችሁ ሂዱ። ባለፈው «ኦዲት ላስመረምር» ተብሎ ቀን የተወሰደበት ሥራ ዛሬም በዚያው ቃል ከተጠየቀበት ከዚያ የበለጠ ርዕስ አታገኙም። ይህን የሚያስተውለው በተከታታይ የተቀመጠ ሪፖርተር ብቻ ነው።

ተጠርጣሪው «ተደበደብኩ»፣ «ቤተሰቤን እንዳላይ ተከለከልኩ»፣ «ጠበቃ አጣሁ» ብሎ በግልጽ ችሎት ከተናገረ ሊዘገብ የሚገባው ነገር ነው። ብቻውን ግን አታውጡት። ፖሊስ የሰጠውን መልስና ዳኛው የሰጠውን ትዕዛዝ አብራችሁ ጻፉ። ትዕዛዙ ካልተሰማችሁ ከመዝገብ ቤት ወይም ከጠበቃው ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ለማነጻጸር፣ አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ተያዙ እንበል። መጥፎው ርዕስ፦ «80 ሚሊዮን ብር የመዘበረው ኃላፊ ተያዘ፤ ወንጀሉን መፈጸሙም ታውቋል።» ደህናው፦ «ፖሊስ 80 ሚሊዮን ብር ጉዳት አድርሰዋል ሲል የጠረጠራቸው ኃላፊ ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ ተጠርጣሪው ዋስትና ጠይቀው ፍርድ ቤቱ ለፖሊስ 8 ቀን ፈቅዷል።» ሁለተኛው ረዝሟል፤ ምንም ማድረግ አይቻልም። «ፖሊስ… ሲል» የሚለውን ቆርጦ ያሳጠረ አርታኢ ክሱን በራሱ ስም ወስዷል።

የክስ ማመልከቻውን ከኋላ ጀምሮ ማንበብ

ምርመራው ሲያልቅ መዝገቡ ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ ዐቃቤ ሕግም በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 109 መሠረት በ15 ቀን ውስጥ ክስ ማዘጋጀት አለበት። የሙስና ክስ ማመልከቻ አንዳንዴ መቶ ገጽ ያልፋል፤ ዜና ሰሪው የመጀመሪያዎቹን ሦስት ገጾች ያነብና ይሮጣል። የሚሻለው ተገላቢጦሹ ነው። መጀመሪያ መጨረሻውን፣ የማስረጃ ዝርዝሩን ክፈቱ። ስንት የሰው ምስክር፣ ስንት የሰነድ ማስረጃ፣ ምን ኤግዚቢት (በማስረጃነት የተያዘ ዕቃ) አለ? ዝርዝሩ ክሱ በምን ላይ እንደቆመ ያሳያል። ሁሉም ማስረጃ የጨረታ ሰነድና የቃለ ጉባኤ ኮፒ ከሆነ ክርክሩ የሚሆነው «መመሪያው ይህን ይፈቅዳል ወይስ አይፈቅድም» በሚለው ላይ ነው። የባንክ ሒሳብ መግለጫና የቤት ካርታ ከበዛ ደግሞ ጥያቄው «ገንዘቡ የት ገባ» ነው።

ከዚያ ክሶቹን አንድ በአንድ በሠንጠረዥ አውጡ፦ የክሱ ቁጥር፣ የተከሰሱበት ሰዎች፣ አንቀጹ፣ የገንዘቡ መጠን። ሃያ ሰው በአንድ መዝገብ ሲከሰስ 1ኛው ተከሳሽ በአሥሩም ክሶች፣ 17ኛው በአንዱ ብቻ ሊኖርበት ይችላል። «በ2 ቢሊዮን ብር ሙስና የተከሰሱ 20 ሰዎች» የሚል ርዕስ ለ17ኛው ተከሳሽ፣ አንድ ቃለ ጉባኤ ላይ ለፈረመው የሒሳብ ሠራተኛ፣ ግፍ ነው።

ገንዘቡን መደመር ሌላው ወጥመድ ነው። ለምሳሌ 1ኛው ክስ በሥልጣን አለአግባብ በመገልገል 40 ሚሊዮን ብር ጉዳት ደረሰ ይላል፤ 2ኛው ክስ ከዚያው 40 ሚሊዮን ላይ 25ቱን ሕጋዊ አስመስሎ ማቅረብ ይላል። 65 ሚሊዮን ብሎ የጻፈ ሰው ያንኑ ብር ሁለት ጊዜ ቆጥሯል። «በአማራጭ የቀረበ ክስ» የሚል ካያችሁም አትደምሩት፤ ዐቃቤ ሕግ «ይህ ካልተሳካ ያኛው ይያዝልኝ» ማለቱ ነው።

አንቀጹን ደግሞ በስሙ ተርጉሙለት። በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 ውስጥ ጉቦ መቀበል፣ በሥልጣን አለአግባብ መገልገል፣ የመንግሥትን ሥራ በማያመች አኳኋን መምራት፣ ምንጩ ያልታወቀ ንብረትና ገንዘብ መያዝ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ወንጀሎች ናቸው። «ሥራን በማያመች አኳኋን በመምራት» የተከሰሰ ሰው አምስት ሳንቲም ወደ ኪሱ አስገባ ላይባል ይችላል። በእኛ ሚዲያ ግን ሁሉም በአንድ ቃል «ሙሰኛ» ተብሎ ይጠቃለላል። አንባቢ «ሙስና» ሲሰማ ፖስታ ውስጥ የተቀመጠ ብር ነው የሚታየው። ክሱ የጨረታ መመሪያ ስለመጣስ ከሆነ ያንን በግልጽ ንገሩት።

ቁጥሩ የምን ቁጥር ነው?

ኅዳር 3 ቀን 2011 ዓ.ም. የያኔው ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ብርሃኑ ጸጋዬ በብረታ ብረትና ኢንጂነሪንግ ኮርፖሬሽን (ሜቴክ) ላይ የተካሄደውን ምርመራ ውጤት በመግለጫ ሲያቀርቡ ከሁሉ ጎልቶ የወጣው ቁጥር 37 ቢሊዮን ብር ነበር። ይህ ቁጥር ኮርፖሬሽኑ ያለ ጨረታ ከውጭ የፈጸመው ግዥ ድምር ነው። በማግስቱ ግን በየገጹ «37 ቢሊዮን ብር ተዘረፈ» ሆኖ ተዛመተ። ያለ ጨረታ የተገዛ ዕቃ ዋጋና የተሰረቀ ገንዘብ አንድ አይደሉም። ግዥው ሕግ የጣሰ ሊሆን ይችላል፣ ዋጋውም የተጋነነ ሊሆን ይችላል፤ የጠፋው ገንዘብ ግን በተከፈለውና በትክክለኛው ዋጋ መሐል ያለው ልዩነት ነው። ልዩነቱ ደግሞ በክሱ ላይ ለብቻው ተሰልቶ የሚቀርብ ነው።

ቁጥር ሲመጣ የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «የምን ብር?» የውል ዋጋ ነው? የተከፈለ ነው? ደረሰ የተባለ ጉዳት ነው? ተከሳሹ አገኘ የተባለ ጥቅም ነው? ወይስ የታገደ ንብረት ግምት? መልሱ ካልተገኘ ቁጥሩን ከርዕስ አውርዱት።

የኦዲት ሪፖርት ላይ ያለው ችግርም ይኸው ነው። የፌዴራል ዋና ኦዲተር በየዓመቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በሚያቀርበው ሪፖርት ውስጥ «በወቅቱ ያልተወራረደ ሒሳብ»፣ «ያልተሰበሰበ ሒሳብ»፣ «የተሟላ ማስረጃ ያልቀረበበት ወጪ»፣ «የግዥ ሕግን ያልተከተለ ግዥ» የሚሉ ግኝቶች አሉ። ያልተወራረደ ማለት በቅድሚያ ለተከፈለ ብር ደረሰኝ ገና ስላልቀረበ ሒሳቡ አልተዘጋም ማለት ነው። አብዛኛው በሚቀጥለው ወር ደረሰኝ ሊመጣለት ይችላል፤ ወይም ጨርሶ ላይመጣለት ይችላል። ዜናውን በመጀመሪያው ቀን «ተመዘበረ» ብላችሁ ከጨረሳችሁት ግን የሚቀጥለውን ወር ማንም አይጠይቃችሁም፤ እውነተኛው ምዝበራ የሚደበቀውም እዚያ ነው። የሚሻለው የመሥሪያ ቤቱን ስም ይዞ የባለፈውን ዓመት ሪፖርት ከዘንድሮው ጎን ማስቀመጥ ነው። ያው ግኝት ሦስት ዓመት ሲደጋገም ኃላፊዎቹ በቋሚ ኮሚቴ ፊት ሲጠየቁ ተገኝታችሁ መልሳቸውን ጻፉ። የበጀት ዓመቱ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑንም አትርሱ፤ «የ2015 ሒሳብ» ማለት 2014 ሐምሌ ላይ የጀመረው ነው።

«እግድ» እና «ውርስ» ን ማምታታትም የተለመደ ነው። የታገደ ቤት ወይም የባንክ ሒሳብ ባለቤቱ እንዳይሸጠው፣ እንዳያንቀሳቅሰው የተያዘ ነው። የሚወረሰው ከፍርድ በኋላ ነው።

ብይን ፍርድ አይደለም

ክሱ ከተነበበ በኋላ ተከሳሹ የክስ መቃወሚያ ያቀርባል፤ ችሎቱ ውድቅ ሊያደርገው፣ ክሱ እንዲሻሻል ሊያዝም ይችላል። ቀጥሎ የእምነት ክህደት ቃል ይጠየቃል። «አመነ» የሚለው ግሥ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ፖሊስ ጣቢያ «ቃሉን ሰጠ» የተባለውን «አመነ» ብሎ መጻፍ አይቻልም።

የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ከተሰሙ በኋላ የሚሰጠው ብይን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው። በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 141 ማስረጃው አያስጠይቅም ከተባለ ተከሳሹ መከላከል ሳያስፈልገው በነጻ ይሰናበታል። በአንቀጽ 142 «ይከላከል» ከተባለ ደግሞ መከላከያውን ያቀርባል። «ይከላከል» ማለት «ጥፋተኛ ነው» ማለት አይደለም፤ ዐቃቤ ሕግ ያቀረበው ማስረጃ ካልተስተባበለ ሊያስቀጣ ይችላል ማለት ነው። በዚህ ደረጃ ላይ ችሎቱ አንቀጹን ወደ ቀላል ሊቀይረው ስለሚችል፣ ዋስትና የሚከለክለው አንቀጽ ወደሚፈቅደው ከተለወጠ ያ ራሱ ትልቅ ዜና ነው። ብይኑን ስትዘግቡ በየክሱ ለዩት፦ ከስድስቱ ክሶች በሁለቱ ነጻ፣ በሦስቱ ይከላከሉ፣ በአንዱ አንቀጽ ተለውጧል። የጥፋተኝነት ፍርድና የቅጣት ውሳኔ ደግሞ በተለያየ ቀን ሊሰጡ ይችላሉ፤ በመሐሉ የቅጣት ማክበጃና ማቅለያ ይቀርባል።

መዝገብ የሚዘጋበት መንገድ ደግሞ ከአንድ በላይ ነው፤ እዚህ ላይ አንዱን በሌላው ቦታ የማይጠቀም ጸሐፊ ብርቅ ነው። በነጻ መሰናበት የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ክስ ማቋረጥ የአስፈጻሚው፣ ዛሬ የፍትሕ ሚኒስቴር፣ ውሳኔ ነው፤ ነጻ ነህ አይልም፣ ጥፋተኛ ነህም አይልም፣ የተቋረጠ ክስ ወደፊት ሊንቀሳቀስም ይችላል። ይቅርታ በአዋጅ ቁጥር 840/2006 መሠረት ለተፈረደበት ሰው የሚሰጥ ነው፤ ቅጣቱን ያስቀራል እንጂ ፍርዱን አይፍቅም። ምሕረት ግን በሕግ የሚታወጅ ሲሆን ጥፋቱን ራሱን እንዳልነበረ ያደርጋል፤ የ2010ሩ አዋጅ ቁጥር 1096 እንደዚያ ነበር።

የቀድሞው የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር መላኩ ፈንታ መዝገብ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። በግንቦት 2005 ዓ.ም. ተያዙ። የሚኒስትር ማዕረግ ስለነበራቸው ገና በመጀመሪያው «በየትኛው ፍርድ ቤት ይታይ» የሚል ክርክር ተነሳ፤ ባለሥልጣናትን በመጀመሪያ ደረጃ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያያቸዋል የሚለው የቆየ ድንጋጌ የይግባኝ መብትን ያሳጣል የሚለው ጥያቄ እስከ ፌዴሬሽን ምክር ቤት ደርሶ፣ ምክር ቤቱ ድንጋጌው ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል አለ። ጉዳዩ በከፍተኛው ፍርድ ቤት ቀጠለ። በግንቦት 2010 ክሱ ተቋርጦ ወጡ። በ2005 የመያዛቸው ዜና የፊት ገጽ ነበር፤ የሕገ መንግሥት ክርክሩን ግን የተከታተሉት ጥቂቶች ናቸው፤ ለሕግ ታሪክ የቀረው ደግሞ እሱ ነው። ሲወጡም «ነጻ ተባሉ» ብለው የጻፉ አሉ። አልተባሉም፤ ክሳቸው ተቋረጠ።

ሕጉ መቼ ወጣ?

ትልቅ ሰው ሲያዝ ሕግም አብሮ ይቀየራል። በ1993 ዓ.ም. የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ሲቀርቡ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲወጡ አዘዙ። ከፍርድ ቤቱ እንደወጡ ፖሊስ መልሶ ያዛቸው። በዚያው ሰሞን የወጣው አዋጅ ቁጥር 239/1993 በሙስና ለተጠረጠረ ሰው ዋስትናን ዘጋ። በኋላ የመጣው አዋጅ ቁጥር 434/1997 ክልከላውን ከ10 ዓመት በላይ በሚያስቀጡት ላይ ወሰነው፤ እሱም በ882/2007 ተሻሽሏል። ዋስትና ሲከለከል «ዳኛው ከለከለ» ከማለታችሁ በፊት ሕጉ ለዳኛው ምርጫ ሰጥቶት እንደነበር እዩ። ምርጫ ካልነበረው ጥያቄው የሚቀርበው ለከሳሹ ነው፦ ለምን ዋስትና የሚከለክለውን አንቀጽ መረጠ?

አዋጅ ስትጠቅሱ የዓመቱን ነገር ተጠንቀቁ። ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ያው አዋጅ በአማርኛው ዓምድ 881/2007፣ በእንግሊዝኛው 881/2015 ነው። በአማርኛ ጽሑፍ 881/2015 ብሎ የጻፈ ሰው ከስምንት ዓመት በኋላ የወጣ ሕግ የጠቀሰ ይመስላል። የተሻሻለ አንቀጽ ካለም የተሻሻለውን ያዙ፤ ፍርድ ቤት የሚመለከተው ግን ድርጊቱ ሲፈጸም የነበረውን ሕግ ሊሆን ስለሚችል ሁለቱንም አስቀምጡ።

የማን ቃል ነው?

«ተብሏል»፣ «ተገለጸ»፣ «ታወቀ»። እነዚህ ሦስቱ ቃላት ከዜናው ላይ ሲወጡ ግማሹ ዜና አብሮ ይወድቃል፤ ሞክሩት። ማን አለ? ማን ገለጸ? ባለቤቱን ጻፉለት። «አጋለጠ» እና «አረጋገጠ» ደግሞ ነገሩ እውነት መሆኑን አስቀድመው የሚመሰክሩ ግሦች ናቸው፤ ፖሊስ «አስታወቀ» እንጂ «አረጋገጠ» አይባልም፤ የሚያረጋግጠው ችሎት ነው።

ምስልም ይናገራል። ኅዳር 4 ቀን 2011 የሜቴክ የቀድሞ ኃላፊ ሜጀር ጄኔራል ክንፈ ዳኘው ሁመራ አካባቢ ተይዘው በሄሊኮፕተር አዲስ አበባ ሲገቡ፣ እጃቸው በካቴና ታስሮ በመንግሥት ቴሌቪዥን ታየ። አንድም የክስ ገጽ ያኔ አልተጻፈም። እንዲህ ያለ ምስል ከመንግሥት ሲሰጣችሁ ቢያንስ ማን እንደቀረጸው ግለጹ፤ በእያንዳንዱ ቀጠሮ ደግሞ ያንኑ ካቴና እየመለሳችሁ አታሳዩ።

የተጠቀሰውን ሰው ወይም ጠበቃውን ሳትጠይቁ አታውጡ። «ስልክ ስላላነሱ» አይበቃም። ጥያቄውን በጽሑፍ ላኩ፣ የተላከበትን ቀንና ሰዓት ያዙ፣ ቢያንስ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን ስጡ፤ በዜናው ውስጥ «ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ በጽሑፍ ጠይቀናቸው እስከ ረቡዕ ማታ መልስ አልሰጡም» በሉ። ለመንግሥት መሥሪያ ቤትም እንዲሁ፤ አዋጅ ቁጥር 590/2000 መረጃ ሲጠየቅ በ30 ቀን ውስጥ እንዲመለስ ያዛል፣ እምቢ ከተባለ ወደ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም አቤት ማለት ይቻላል። ደብዳቤውን በሁለት ኮፒ ወስዳችሁ አንዱ ላይ የተቀባይ ፊርማና ማኅተም አስደርጉበት። ያለ እሷ ኮፒ ጠየቅሁ ማለት ዋጋ የለውም።

ለራሳችሁም አስቡ። በመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 ስም ማጥፋት በወንጀል አያስጠይቅም፤ በካሳ ግን ያስጠይቃል። አዋጁ በሚዲያ ሥራው የተጠረጠረ ሰው ለምርመራ ጊዜ ቀጠሮ ሳይጠየቅበት በቀጥታ ክስ ይቅረብበት ይላል፤ ወረቀቱ ላይ ያለው ይህ ነው፣ ጋዜጠኞች ለጊዜ ቀጠሮ የቀረቡባቸው መዝገቦች ግን ጥቂት አይደሉም። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ሐሰተኛ መረጃ ካሰራጨ አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ 3 ዓመት እስራት ያስከትላል። የምስክር ስም ዝርዝር ከክሱ ላይ ፎቶ አንስቶ መለጠፍ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ያለው ለዚህ ነው።

ከዋሽንግተን፣ ከለንደን ወይም ከቴል አቪቭ ሆናችሁ በዩቲዩብ የምትሠሩ፣ ችሎት ውስጥ የተቀመጠ ሰው የላችሁም። በቴሌግራም የመጣ የክስ ፎቶ ማኅተም፣ የመዝገብ ቁጥርና የተከሳሾች ዝርዝር ሙሉ መሆኑን እዩ፤ የመካከል ገጽ ብቻ ከደረሳችሁ ቀሪውን ማን ደበቀው ብላችሁ ጠይቁ። ከዚያ ለሁለት ጠበቆች ደውሉ፣ ከአንድ ወገን ሳይሆን በዚያው መዝገብ ካሉ የተለያዩ ተከሳሾች ጠበቆች። የተከሳሾቹ ጥቅም የሚጋጭ ከሆነ አንዱ የሸሸገውን ሌላው ይነግራችኋል። የሰዓት ልዩነቱንም አስቡ፤ አዲስ አበባ 3 ሰዓት ጠዋት በዋሽንግተን ሌሊት ነው፣ «ዛሬ ቀረቡ» የምትሉት የትናንቱን ሊሆን ይችላል።

በመጨረሻ ለእያንዳንዱ መዝገብ አንድ ገጽ ክፈቱ፦ ቁጥሩ፣ ችሎቱ፣ ተከሳሾቹ በቅደም ተከተል፣ የክሶቹ ሠንጠረዥ፣ እያንዳንዱ ቀጠሮና የተሰጠው ትዕዛዝ። ቀጣዩ ቀጠሮ ከሦስት ወር በኋላ ከሆነ በስልካችሁ ማስታወሻ ያዙለት፤ በክረምት ፍርድ ቤቶች እረፍት ላይ ሲሆኑ በተረኛ ችሎት የሚታዩትን ለዩ። ሰውዬው ነጻ ሲባል ወይም ክሱ ሲቋረጥ፣ ውጤቱን በአዲስ ዜና ብቻ አታውጡት። «ተያዙ» ያለው የድሮው ቪዲዮ ርዕስ ላይ፣ ከሥሩ መግለጫ ውስጥ ሳይሆን ከላይ፣ ቀኑን ጽፋችሁ አስገቡት። ሰው ስሙን ፈልጎ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱን ነው።